ሥዕሉን የሚያብራራ ደብዳቤ

ባህር ዳር ላይ ሥዕል ከሚሸጥበት በር ብታልፉ የምታዩት የታወቀ ነው፤ ጣና ላይ የቆመች ታንኳ፣ ጢስ ዓባይ፣ ጀበና የያዘች ሴት። አልቃወምም፤ ሠዓሊም የቤት ኪራይ አለበት። ግን በ2015 ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት፣ ኢንተርኔት የተቋረጠበት፣ የተኩስ ድምፅ የለመደ ሕዝብ ሥዕሉ ሁሉ እንዲህ የረጋ ውሃ ሲሆን በመሃል የተዋጠ ነገር አለ።

የሚውጠው ደግሞ ሁልጊዜ ጠመንጃ አይደለም። «ይሄ ምን ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ይበቃል። ሠዓሊው አዳራሽ ፍለጋ ሄዶ ሥራህን በጽሑፍ አብራራ ሲባል፣ ታንኳ የሣለው በአንድ መስመር ይገላገላል። ቀይ ቀለም ደፍቶ ጥቁር መስመር ያሰመረበት ግን ምን ብሎ ይጻፍ? ዝም ያለበትን ቦታ ፈቃድ ሰጪው በራሱ ፍርሃት ይሞላዋል። ዘመናዊ ሥዕል በፖለቲከኛ ዓይን የሚጠመደው ለዚህ ነው። ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1937 ሙኒክ ላይ 650 ያህል ዘመናዊ ሥራዎችን በስድብ አጅበው ሰቀሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ሞስኮ ዳር ሜዳ ላይ የተከፈተ ዐውደ ርእይ በቡልዶዘር ተበተነ። ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ ስለ መንግሥት ያሉት ነገር አልነበረም።

ጎጃም ሳንሱርን ከልጆቿ ዕጣ ታውቀዋለች። የአቸፈሩ አቤ ጉበኛ «አልወለድም»ን በ1955 አሳትሞ መጽሐፉ ታገደበት። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን የባላባት ሥርዓት እየነቀፈ በ1958 ታተመ። ሐዲስ አምባሳደርም ሚኒስትርም የነበሩ ሰው ናቸው። የሁለቱ መጻሕፍት ስለት ይለያያል ብትሉኝ እሺ፤ ሳንሱር ግን ከመጽሐፉ ጋር ደራሲውንም ሚዛን ላይ እንደሚያስቀምጥ አልጠራጠርም።

«ዘመናዊው ለባህላችን ባዕድ ነው» የሚል ሹም ካለ ከጎጃም የቅኔ ትምህርት ቤቶች ዋሸራ ወይም ዲማ ጊዮርጊስ ጎራ ይበል። የቅኔ ተማሪ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ ቢቀርብ ማን ያደምጠዋል? የሌላ ሰው ከሆነማ አያድርስ። ሌሊቱን ሲቆጥር ያደረውን አዲስ ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርሙታል፣ አንዳንዴም ከሥሩ ያፈርሱበታል። የሚያፈርሱት ግን ከሰሙት በኋላ ነው። ገና ሳይነገር «መጀመሪያ ትርጉሙን አስመዝግብ» ያሉ የኔታ አላውቅም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን «በሥነ ጥበብ መልክ» የመግለጽ መብትን ያውቃል፤ የሥነ ጥበብ ፈጠራ ነጻነትንም ያረጋግጣል። የቅድሚያ ምርመራን፣ ማለትም ሳንሱርን፣ በግልጽ የሚከለክለው ንኡስ አንቀጽ ግን የተቀመጠው የፕሬስ ነጻነት ዝርዝር ውስጥ ነው። ጋዜጠኛውንስ መች ጠበቀው ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። ቢሆንም ጋዜጠኛው ሲከለከል ጣቱን የሚያሳርፍበት መስመር አለው። ሠዓሊው የሚሸኘው «አዳራሹ ተይዟል»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» በሚል ነው።

ከባህል ቢሮዎች የምጠብቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ጥያቄያቸው በሰው ብዛት፣ በሰዓትና በእሳት አደጋ ይወሰን፤ ሲከለክሉም ምክንያቱን በጽሑፍ፣ ከነስማቸውና ከነፊርማቸው ይስጡ። ወረቀት የያዘ ሠዓሊ እንባ ጠባቂም ፍርድ ቤትም ይዞት ይሄዳል። ደግሞ ፊርማ የሚፈራ ኃላፊ ብዙ ነው፤ ግማሹ ክልከላ ሳይጻፍ እዚያው የሚቀር ይመስለኛል።