ማስተካከያ፦ ለዕቃ ቤቱ ጣራ ስለሚሰጠው ቆርቆሮ

በሱሉልታ መንገድ ላለችው አጥቢያችን ምእመናን፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለዕቃ ቤቱ ጣራ 64 ባለ 35 ጌጅ (የውፍረት መለኪያ ቁጥር) ቆርቆሮ እንደሚያስፈልግ ተናግረን ነበር። ሁለቱም ቁጥሮች ስሕተት ናቸው፤ የሚያስፈልገው 84 ባለ 28 ጌጅ ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ጣራው 108 ካሬ ሜትር ነው። ያካፈልነው በቆርቆሮው ሙሉ ልክ፣ በ2 ሜትር በ85 ሳንቲ ሜትር ነበር። ሲመታ ግን በጎን 10፣ በቁመት 20 ሳንቲ ሜትር ስለሚደራረብ አንዱ የሚሸፍነው 1.35 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ 80 ይገባል፤ 4ቱ ለሚቆረጥና ለሚበላሽ መጠባበቂያ ናቸው።

የጌጁ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 35 ሠራተኛ ሲረግጠው ይጎደጉዳል፣ የክረምቱን በረዶም አይችልም። ምስማር የምትሰጡ ባለ ጎማውን ግዙ። የሚመታውም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ከተመታ ጎማው ሲደርቅ ያፈሳል።

ባለ 35 አስቀድማችሁ የገዛችሁ፣ ሱቁ የሚቀይርላችሁ ከሆነ ልዩነቱን ከፍላችሁ ቀይሩ። ካልሆነም አምጡት፤ ለአጥሩ እናውለዋለን፣ ስጦታችሁም በዓይነቱ ይመዘገባል።

በዣንጥላው የሚሰበሰበው ገንዘብም «በሳምንቱ መጨረሻ ይቆጠራል» የተባለው ቀርቶ፣ በዚያው ዕለት በሦስት ሰው ፊት ተቆጥሮ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ዕቃ የምታስረክቡም ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።