«ሌስ» ከቁጥር ጋርም ይሄዳል

ወንድሜ፣ በእንግሊዝኛ «ያነሰ» ለማለት ስለሚያገለግሉት ፊወር (fewer) እና ሌስ (less) ስታወራ «ቁጥር ካለ ሁሌም ፊወር ነው፣ ሌስ ስህተት ነው» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ተማሪ እንዲህ እየተባለ ስለሚማር ዝም ብሎ ማለፍ ከበደኝ።

መጽሐፍ፣ ወንበር፣ ተማሪ ሲሆን ፊወር በል፤ ፈተና ላይም እሱን ጻፍ። ገንዘብ፣ ርቀትና ጊዜ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። «ሌስ ዛን 20 ዶላርስ»፣ «ሌስ ዛን 5 ማይልስ» ነው የሚባለው። እዚህ ላይ 20 ዶላር እንደ አንድ ድምር ነው የሚታየው፤ ኖቶቹን አንድ በአንድ እየቆጠርን አይደለም። «ፊወር ዛን 5 ማይልስ» ብትል የቋንቋውን ተናጋሪ ጆሮ ይጎረብጠዋል።

ደግሞ ሕጉ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1770 ስለ እንግሊዝኛ አጠቃቀም መጽሐፍ የጻፈው ሮበርት ቤከር ፊወር ይሻላል ብሎ ሲጽፍ እንደ ግል ምርጫው ነበር። ከዚያ በፊት እንግሊዞች ሌስን ከሚቆጠር ስም ጋር ለዘመናት ሲጠቀሙበት ኖረዋል።