ባለጥቁር ቀበቶው ሱቅ

አራት ብር መልሴን ቆሜ ስጠብቅ የሰፈራችን ባለሱቅ ሁለት እጁን ጎኑ ላይ ለጥፎ ከወገቡ ጎንበስ አለና "ዝርዝር የለም ጋሼ፣ ማስቲካ ይሁንልዎት" አለኝ። ማስቲካው አዲስ ነገር አይደለም፣ ደሴ ላይ ማስቲካ ገንዘብ ሆኖ መገበያየት ከጀመረ ቆየ፣ ያናደደኝ ጎንበሱ ነው። ይሄ ደግሞ ምንድነው ስለው "የተጋጣሚን ጉልበት ለራስ መጠቀም ይባላል" ብሎኝ እርፍ! ለካ ሰሞኑን ኮምቦልቻ ወርዶ ንግድን በማርሻል አርት መምራት የሚባል ሥልጠና ወስዶ ተመልሷል።

ተጋጣሚው እንግዲህ እኔ ነኝ። በነጠላ ጫማ ግማሽ ኪሎ ስኳር ልገዛ የወጣሁት ሰውዬ።

አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ ሱፍ ለብሶ ከላዩ ጥቁር ቀበቶ ታጥቆ ነበር አለኝ ልጁ፣ ዓይኑ እያበራ። ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሐረጎን እየተጠማዘዝክ ስትወርድ ብርዱን ላይ ትተህ ጃኬትህን እያወለቅክ ነው የምትገባው፣ እና እኔ እንደሚመስለኝ ሰው እዛ ሙቀት ውስጥ ሲገባ የተባለውን ሁሉ ያምናል። እዚህ ጦሳ ስር በዛ ጉም ውስጥ "ገበያን በአንድ ምት" ቢባል ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ መጀመሪያ ሻይ አምጣ ነው የሚባለው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ይሄን ተረት ስወደው ለጉድ ነው፣ ሰርግም ላይ ለቅሶም ላይ ክፍተት ካገኘሁ እሰነቅረዋለሁ፣ ሚስቴ "አሁን ይሄ ከሟች ጋር ምን አገናኘው?" ትለኛለች፣ ዘንድሮ ግን ልኩን አገኘ፣ ቀበቶ በሁለት ቀን!

ቀበቶ ካነሳሁ አይቀር። ልጆች ሆነን ከቪዲዮ ቤት ወጥተን መንገድ ላይ ስንራገጥ የምንውል ጊዜ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ካራቴ የሚያስተምር አንድ ሰው ነበር፣ ማስተር ነው የምንለው። ለቢጫ ቀበቶ ፈተና ብሎ ብር ሰበሰበ፣ ፈተነን፣ አልፋችኋል አለን፣ ቀበቶው ግን ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው አለ። እየመጣ ነው። እስካሁን ጣርማ በር ላይ ሳይበላሽበት አልቀረም። ማስተሩ ራሱ ከዛ ወዲያ አልታየም። እናቴ ያንን ብር በርበሬ ሸጣ ነው የሰጠችኝ፣ ሰኞ ገበያ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ፣ እና ይሄ ነገር ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል፣ ቀልዴን አይደለም። ስለዚህ እኔ በሕግ ባለቢጫ ቀበቶ ነኝ፣ ስለ ማርሻል አርት የመናገር መብቴ በገንዘብ የተገዛ ነው።

እና በዚህ መብቴ ልናገር። ይሄ የተጋጣሚን ጉልበት የሚሉት ነገር የጁዶ ነው። ጁዶን የመሠረተው ጂጎሮ ካኖ የሚባል ጃፓናዊ መምህር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ አንድ ቤተ መቅደስ ተጠግቶ፣ 12 ምንጣፍ በምትይዝ ክፍል በ9 ተማሪ ነው የጀመረው፣ ጥቃቅንና አነስተኛ በለው። ካኖ ዋና ብሎ ያስቀመጠው ሁለት ነገር ነው፦ አንደኛው ጉልበትህን አታባክን፣ በልኩ ተጠቀምበት፤ ሁለተኛው አንተም ሌላውም አብራችሁ ተጠቀሙ። ሁለተኛውን ማን በላው? ኮምቦልቻ ሻይ ሰዓት ላይ ነው የተዘለለው?

ሁለተኛውን ደግሞ እናቶቻችን ጃፓን ሳይሄዱ ያውቁታል። በርበሬው ተሰፍሮ ጣሳው ከሞላ በኋላ "መርቂልኝ እንጂ" ስትላት እያጉረመረመች አንድ እፍኝ ከላይ ትጨምርልሃለች፣ በሚቀጥለው ሰኞ ሌሎቹን አልፈህ እሷው ጋ ትሄዳለህ። በቃ ይሄው ነው። ሱፍ ላይ ቀበቶ አላስፈለገውም።

ካራቴ ደግሞ በሰላምታ ይጀመራል በሰላምታ ያልቃል፣ ጊቺን ፉናኮሺ የሚባለው የኦኪናዋው ሰውዬ በካራቴ ቀድሞ መምታት የለም ብሎ ነው ያስተማረው። ቀድሞ መምታት የለም! ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ምን አየን? ከወር በፊት የገባ፣ አቧራ የለበሰ ዘይት በዛው ሳምንት ዋጋው ተተኮሰ። ጀሪካኑ ከመደርደሪያው ንቅንቅ አላለም፣ ዶላር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፣ ግን "ጨምሯል" ይሉሃል፣ ማን ጨመረው ስትል "እኛም እንዳንተ ነን" ይሉሃል። እንዳንተ ነን! እኔ ምን ጨመርኩ፣ ደመወዜን?

ልጁ ግን ክፉ አይደለም፣ ይሄን ልናገርለት። ማለዳ ዳቦ ሳይመጣ ይከፍታል፣ ማታ ሦስት ሰዓት ይዘጋል። የሚያሳዝነኝ ከጁዶ የሚጠቅመውን አለመንገራቸው ነው፣ ጁዶ ውስጥ ሰው ከመጣልህ በፊት መውደቅ ነው የምትማረው፣ ሳትሰበር እንዴት ትወድቃለህ ነው ነገሩ። ባለሱቅ ደግሞ የሚወድቀው በዱቤ ነው። የዱቤ ደብተሩን አይቼዋለሁ፣ ሽፋኑ ዘይት ጠጥቶ እንደ መስታወት ያሳያል፣ ውስጡ ስም የለም፣ "ቀይዋ"፣ "የሹፌሩ ሚስት"፣ "ባለኮፍያው ጋሼ" (እኔ ነኝ፣ እከፍላለሁ)፣ "ፎቅ ያለው ልጅ" ይላል፣ ፎቅ ያለው ልጅ ሰፈር ለቋል፣ ቀይዋም አግብታ ወልድያ ነች አሉ። እሱን እንዴት አድርገህ ትሰበስባለህ፣ በየት በኩል ትመታለህ? ስለ ዱቤ አንድም ነገር አልተነገረው። ይልቅ "ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ" የሚለውን ወረቀት አንስቶ "ራስን መግዛት" የሚል ለጠፈ። አንዲት ሕፃን አንብባ "ስንት ነው?" አለችው።

የቴኳንዶ ነው እሱ ደግሞ፣ ትህትና፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛት፣ የማይበገር መንፈስ፣ አምስት ናቸው፣ የለጠፈው አንዱን ነው። ሐቀኝነት የሚለውን የሚለጥፍበት ክፍት ቦታ ሚዛኑ አጠገብ ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል የተወው።

ብቻ የጀመርኩት ስለ አራት ብሬ ነበር መሰለኝ። ከዛ ወዲህ በቴሌብር ነው የምከፍለው፣ ኔትወርክ ሲኖር፣ ማስቲካው ቢቀርበት ይሻላል።

የባሰው ቤቴ ነው። ሚስቴ እንጀራ መሸጫ ልትከፍት አስባ ነበርና ልጁ ሥልጠናውን አሞካሽቶ ነግሯት ኖሮ ማታ እራት ላይ "እኔም ለሚቀጥለው ዙር ልመዘገብ ነው" አለችኝ። ኧረ እባክሽ ብል አልሰማ አለች፣ ሰርተፍኬት አለውኮ ትላለች። እዛው ነው የሚሰጡሽ? አልኳት።

"አይ፣ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ አብሽር" አለችኝ።