በ27 ዓመት የተሰጠ ኃላፊነት

ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሊንከን የሚባል የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ አለ። ክዋሜ ንክሩማ የተማሩበት ነው። የናሚቢያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሳራ ኩጎንጌልዋ አማዲላም በኢኮኖሚክስ የተመረቁት ከዚያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1994።

ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያን በምትገዛበት ዘመን፣ በ1980፣ ገና ልጅ ሳሉ ነው የተሰደዱት። ሁለተኛ ደረጃን ሴራሊዮን ተማሩ። ከሊንከን በወጡ በዓመቱ የአገራቸው ፕላን ኮሚሽን ዋና ዳይሬክተር ሆኑ። ያኔ 27 ዓመታቸው ነበር! ከ2003 ጀምሮ 12 ዓመት የገንዘብ ሚኒስትር፣ ከ2015 እስከ 2025 ደግሞ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሠሩ።

እኔን የገረመኝ የመጀመሪያው ሹመት ነው። እኛ ጋ የ27 ዓመት ሴት እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ልቀመጥ ብትል «ገና ልጅ ናት» መባሏ አይቀርም። ወንድ ከሆነ ደግሞ «ማንን ያውቃል?» ነው ጥያቄው።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ኢኮኖሚክስና አካውንቲንግ የተማረ የአገሬ ልጅ ሞልቷል። አንዱ ታክሲ ይነዳል፤ ሌላዋ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሒሳብ ትቀበላለች። ሥራው ክቡር ነው፤ ስንት ቤተሰብ ቆሞበታል። የሚያንገበግበኝ ያ ሁሉ እውቀት ጠያቂ ማጣቱ ነው።

በእርግጥ ናሚቢያ ያኔ ነፃ ከወጣች ገና አምስት ዓመቷ ነበር፤ የተማረ ሰው በጣም ያስፈልጋት ነበር። ሴትዮዋም ለናሚቢያ ነፃነት በታገለውና አገሪቱን በሚመራው ድርጅት በስዋፖ ውስጥ ያደጉ ናቸው፤ ይህ ሳይጠቅማቸው አልቀረም። ዋናው ሥልጣን እዚያ የፕሬዚዳንቱ ነው። ሴትዮዋ ለዓመታት በጀቱን ይዘውም አገሪቱ ዛሬም ሀብታምና ድሃ እጅግ ከተራራቁባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ይህን መካድ አይቻልም። ቢሆንም ሴትዮዋ ሥራውን የተማሩት እየሠሩት ነው። ያን ዕድል ሰጣቸው አገራቸው።

ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የከሰሰችው በ1960 ነው። ለሌላው ነፃነት እንዲያ የተሟገተች አገሬ እስከ ዛሬ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር አላየችም።

ዳያስፖራው ግን ሲጠራ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ለአገር ልማት ገንዘብ ለሚያሰባስበው የዳያስፖራ ትረስት ፈንድ በቀን አንድ ዶላር ስንባል ብዙዎቻችን በደስታ ሰጥተናል፤ ለህዳሴ ግድቡም ቦንድ ገዝተናል። «በጀት የሚያውቅ፣ ዕቅድ የሚሠራ ወጣት እንፈልጋለን፣ ተወዳደሩ» የሚል ጥሪ ግን እስካሁን ጆሮዬ አልገባም።