ማስተካከያ፦ ቪያሪያል በ2020/21 የውድድር ዘመን

ስለ ስፔኑ ክለብ ቪያሪያል የ2020/21 ዘመን ባቀረብነው ጽሑፍ ክለቡ ወደ ቻምፒዮንስ ሊግ ያለፈው በላሊጋ (በስፔን ሊግ) ደረጃው እንደሆነ፣ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜውንም 12 ለ 11 እንዳሸነፈ ገልጸን ነበር። ሁለቱም ስህተት ስለሆኑ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።

በላሊጋ ቪያሪያል፣ በወቅቱ አሠልጣኙ ኡናይ ኤምሪ ሥር፣ በ58 ነጥብ 7ኛ ነበር። ይህ ደረጃ በዚያ ዘመን የሚያስገባው ወደ ኮንፈረንስ ሊግ (ከዩሮፓ ሊግ በታች ወዳለው የአውሮፓ ውድድር) ብቻ ነበር። ቻምፒዮንስ ሊግን ያስገኘለት የዩሮፓ ሊግ ዋንጫው ነው፤ የተለቀቀው የኮንፈረንስ ሊግ ቦታም ለ8ኛው ሴልታ ቪጎ አልተላለፈም።

ግንቦት 18 ቀን 2013 ዓ.ም. ግዳንስክ ላይ ከማንችስተር ዩናይትድ ጋር የተደረገው ፍጻሜ ከጭማሪ ሰዓት በኋላም 1 ለ 1 ነበር፤ ጄራርድ ሞሬኖና ካቫኒ አስቆጥረዋል። መለያ ምቱ 11 ለ 10 ነው። ስህተታችን የመጣው የጨዋታውን ግቦች ከመለያ ምቱ ጋር ደምረን በመቁጠራችን ነው። በመዝገብ ጨዋታው አቻ ሆኖ ይቀመጣል። የቪያሪያልን የመጨረሻ ምት ያስቆጠረው ግብ ጠባቂው ሩሊ ነው፤ ወዲያው የዩናይትዱን ግብ ጠባቂ የዴ ሄአን ምትም አድኗል።

ሌላም አለ። በዚያው ጽሑፍ ቪያሪያል የዩሮፓ ሊግን ዋንጫ «15 ጨዋታ ሳይሸነፍ» ወሰደ ስንል ከአዘርባጃኑ ቃራባግ ጋር የነበረው የምድብ ጨዋታ በኮቪድ ምክንያት ሳይካሄድ 3 ለ 0 በፎርፌ መሰጠቱን መጥቀስ ነበረብን። ሜዳ ላይ የተደረጉት 14 ናቸው።