እግራቸው ይባረክ

በረዶ በመጣ ቁጥር፣ ሁለት ረጃጅም ሳንቃ እግራቸው ላይ አስረው የሚንሸራተቱት የስኪ ጀግኖች ይወደሳሉ። ከአልፕስ ጫፍ እንደ ድንጋይ ተወርውሮ የሚወርደው ይጨበጨብለታል። ሸለቆ ለሸለቆ አርባ ኪሎ ሜትር የሚገፋውም አድናቂ አያጣም። ጫማውን ብቻ አጥልቆ መጥቶ የሁሉንም ልፋት በአሥር ደቂቃ የሚያፈርሰውን ሰው ግን ያመሰገነ የለም። ግፍ ነው። ዛሬ እኔ ላመስግነው።

መጀመሪያ መንገዱን ለማያውቅ ላሳይ። ሰው በገመድ ሊፍት ወጥቶ ቁልቁል የሚወርድባቸው የአልፕስ መዝናኛ ከተሞች ውስጥ፣ ታች ሜዳው ላይ ሌላ ዓለም አለ። የአገር አቋራጭ ስኪ መንገድ ነው። ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ «ሎይፐ» ይሉታል፤ ቃሉን ከኖርዌዮች ነው የወሰዱት። እዚህ ሽቅብ የሚጎትት ገመድ የለም። ክንድና እግር ብቻ ነው። ሌሊት ሰው ሲተኛ ማሽን ይወጣል። በረዶውን ይፈጫል፣ ይደለድላል፣ ይጠቀጥቃል። በአንድ በኩል እንደ ስኬቲንግ እግራቸውን ወደ ጎን እየከፈቱ ለሚገፉት ሰፊ ዝርግ መንገድ ይተዋል። በሌላው በኩል እግራቸውን ወደ ፊት ብቻ እየሰደዱ «ክላሲክ» በሚባለው ስልት ለሚሄዱት ሁለት ቀጫጭን ቦዮች ጎን ለጎን ያወጣል። ልክ እንደ ባቡር ሐዲድ። ከዚያ ብርዱ ለጥቂት ሰዓታት ያጠነክረዋል። ጠዋት ስትደርሱ መንገዱ አሁን ተሠርቶ ያለቀ ሹሩባ ይመስላል። መንካት ያሳሳል።

ይህ ሁሉ ለስኪ ተጫዋች ይመስላችኋል? የዋሆች። ለእግረኛ ነው እንጂ!

የኛ ባለ ጫማ የራሱ መንገድ አጥቶ አይደለም ታዲያ። ስዊዘርላንድ ውስጥ የበረዶ ወቅት የእግር መንገድ በሮዝ ምልክት ይታወቃል። ብዙ ቦታ ከሎይፐው ጥቂት እርምጃ ቢርቅ ነው። ሰውየው ምልክቱን ያያል። ቆም ብሎ ያነባል። ፎቶም ያነሳዋል። ከዚያ ሐዲዱ ላይ ይወጣል። ሮዝ አይወድ ይሆናል፤ የቀለም ምርጫ መብት ነው።

ሥራውን በቅርብ ላየው ደግሞ ጥበብ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በረዶውን ስታላላው ተረከዙ ዘፍ ይላል። ዘፍ፣ ዘፍ፣ ዘፍ። አንዱ እግር በግራው ቦይ፣ ሌላው በቀኙ። ማሽኑ ዳግም ካልደረሰለት ሌሊት ያ ሁሉ ይረጋል። ጠዋት እያንዳንዱ ኮቴ የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ ይጠብቃችኋል። የሶሉ ጥርስ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ትንሽ ብታጎነብሱ 43 ቁጥር መሆኑን ሁሉ ታነቡታላችሁ። የስኪው ጫፍ እዚያ ሲገባ ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም። እሱ ግን ስለ ሚዛን መጠበቅ በነፃ እያስተማረ ነው። ለዚህ ትምህርት አሠልጣኝ ስንት ያስከፍል ነበር?

ረዳቶችም አሉት። ውሻው ሰውየው የዘለለውን ቦታ እየሞላ ይከተላል፤ ሌላም ሌላም ትቶ ይሄዳል። የሕፃን ጋሪ የምትገፋዋ እናት ጎማዎቹን ቦዩ ውስጥ ለመክተት የምታደርገው ጥረት ራሱ ያስቀናል። ቁልቁል ሲወርዱ የዋሉትስ? ስኪያቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ያንን የብረት ያህል ጠንካራ የፕላስቲክ ጫማ እያንኳኩ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ሎይፐውን ይሰነጥቃሉ። ዝሆን እንኳ ትንሽ ይጠነቀቃል።

ስዊዘርላንድ ውስጥ እንጋዲን በሚባል ሸለቆ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የሚካሄድ ትልቅ ውድድር አለ። ከማሎያ መንደር ተነስተው በረዶ በሆኑ ሐይቆች ላይ እያቋረጡ 42 ኪሎ ሜትር ይገፋሉ። በሺዎች ሆነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ለዚህ ሰዓታት ይለፋል። አንድ ባለ ጫማ ግን በምሳ ሰዓት ወጣ ብሎ አሻራውን ያሳርፋል። ዳቮስ በምትባለው የስዊዘርላንድ ከተማ ደግሞ የአምናውን በረዶ በሰጋቱራ ሸፍነው በጋውን ያሳልፉና በጥቅምት አውጥተው ያነጥፉታል። ልብ በሉ፣ በረዶ በሰጋቱራ! ባለ ጫማው ይህን ሲሰማ ልቡ ይነካል። እግሩም አብሮ ይነካል።

የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን የሥነ ምግባር ደንብ አለው። የቆመ ከሐዲዱ ይውጣ ይላል። የወደቀ ቶሎ መንገድ ይልቀቅ፣ ሽቅብ የሚወጣ ለሚወርድ ይለፍ ይስጥ ይላል። የኛ ጀግና ቁልቁለቱ ሲያልቅ፣ ጠመዝማዛው ላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ ቆሞ ሰልፊ ይነሳል። ደንቡ ለስኪ ተጫዋች ነው የተጻፈ። እሱ ከደንብ በላይ ነው።

ደግሞ ታሪክ ከጎኑ ነው። ስኬቲንግ የሚባለው ስልት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲስፋፋ «ሐዲዱን አበላሸው» ብለው የጮኹ ነበሩ። በኋላ ሁለቱ ስልቶች ተለያይተው የየራሳቸውን ውድድር አገኙ። ሦስተኛው ስልት፣ ማለትም ጫማ፣ እስካሁን ይጠብቃል። አገር አቋራጭ ስኪ እ.ኤ.አ. ከ1924ቱ የሻሞኒ (ፈረንሳይ) የክረምት ኦሊምፒክ ጀምሮ ሜዳሊያ ይሰጥበታል፤ ለዚህ ምስኪን አንድ ነሐስ እንኳ አልተቆረጠለትም።

እኔም በአንድ ወቅት አላዋቂ ነበርኩ። ባለ ውሻ ሽማግሌ ሐዲዱ ላይ አገኘሁና በትሕትና፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ይህ እኮ የስኪ መንገድ ነው፤ የእግር መንገዱ እዚያ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «እዚያ ግን እግር ይሰምጣል። እዚህ ምን የመሰለ ጥርጊያ ነው! ደግሞስ በረዶው የእግዜር አይደል?»

የእግዜር ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ማሽን ላይ ተቀምጦ ሲደለድለው ያደረው ሰውዬም የእግዜር ነው። መልስ አጣሁና ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት እዚያው ቦታ ስደርስ የስኪዬ ጫፍ የሆነ ነገር ውስጥ ተሰነቀረ። በግንባሬ ተደፋሁ። አንዱ የእጄ ዘንግ ወዲያ፣ ሌላው ወዲህ። አፌ በረዶ ሞልቶ ቀና ስል ሽማግሌው ከነውሻቸው ከፊቴ ቆመዋል። ክንዴን ይዘው አነሱኝ። ጀርባዬን አራገፉልኝ። ከዚያ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ እያዩ ራሳቸውን በሐዘኔታ ነቀነቁ።

«አየህ ልጄ፣ መንገዱን እንዴት እንዳበላሹት?» አሉኝ። «ይኸ ማዘጋጃ ቤት ግን ምን ይሠራል?»