ክሪክ አለህ?

ድሬዳዋ ውስጥ የጎማ መተንፈስ የግል ጉዳይ አይደለም። ከዚራ ላይ ጎማህ ቢተነፍስ ሞተር ሳታጠፋ ሁለት ሰው መስኮትህ ላይ ደርሷል። አንዱ "ተንፍሶብሃል" ይልሃል። ሌላው "ተወው፣ አይቶታል" ይለዋል። ሦስተኛው ማንም ሳይጠራው አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ብሎን ይነካካል። ባጃጅ ነጂው መንገድ ዘግቶ ይቆምና ከኋላ ክላክስ የሚያደርጉትን ሁሉ "አቦ! ሰውየው ጎማው ተንፍሶበት ነው፣ ምን ሆናችሁ?" ብሎ ይቆጣቸዋል። እነሱም ወርደው ያያሉ። አንዱ ሚስማር ነው ይላል፣ አንዱ ቫልቩ ነው ይላል፣ አንዱ ደግሞ ጎማውን ትቶ አንተን እያየ "የማን ልጅ ነህ?" ብሎ ይጠይቅሃል፣ የአባትህን ስም ስትነግረው ምድር ባቡር አብሮት የሠራ አጎት ይገኝለታል፣ ነገሩም በዚያው ወደ ሰላምታ ይዞራል።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ክሪክ አለህ?

ካለህ ጥሩ። ከሌለህ ደግሞ ይብሱን ጥሩ። ክሪክ ፍለጋ ሰው ይላካል፣ የተላከው በሄደበት ይቀራል፣ እሱን ፍለጋ ሌላ ይላካል፣ እስከዚያ ሻይ ይመጣል። እኔ በዚህ መንገድ የተዋወቁ ሰዎች ተጋብተው ሲወልዱ አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ ወግ ሊያፈርስ የመጣ አንድ መኪና ሰፈራችን ገብቷል።

ጎረቤቴ ካናዳ ብዙ ዓመት ኖሮ ሲመለስ ያመጣው ነው። ባለ ሁለት በር፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያው የሚታጠፍ ስፖርት መኪና። የገባው መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከማገዱ በፊት ነው። የመኪናውን ስም አልጠራም። እሱን ከጠራሁ ባለቤቱን ጠራሁት ማለት ነው፣ ለከተማው አንድ ነውና። ዕድሜው ሃያ ሊሞላ ነው። በእኛ አገር ሃያ ዓመት ለመኪና ጉርምስና ነው። በፈረንጆቹ 1960 መመረት የጀመረው ፔጆ 404 ሐረር ላይ ስንት ትውልድ ሲያመላልስ ያየ ሰው ሃያ ዓመትን ዕድሜ ብሎ አይጠራውም። ስፖርት መኪና ግን በሃያ ዓመቱ ይጦራል። የሚበላውም የተመረጠ ነው፣ የሚተኛበትም የተመረጠ ነው፣ በዚያ ላይ ያማርራል። ዳሽቦርዱ ላይ ለእያንዳንዱ ሕመሙ መብራት አለው።

መኪናው ሰፈር በገባበት ቀን ወንዶቹ እንደ ደንቡ ኮፈኑን አስከፍተው ሞተሩን አዩ፣ ምንም ባይገባቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ዞሩ። የኋላው ተከፈተ። ምንጣፉ ተነሳ። ስኮርታ የለም። ክሪክ የለም። የጎማ መፍቻ እንኳ የለም።

"ተሰርቀሃል" አሉት ባንድ ድምፅ።

"ሲመረትም አልነበረውም" አለ።

ይህን ማንም አላመነውም። አንድ አዛውንት ሾፌር እጁን ይዘው ወደ ጥላ ወሰዱትና "ልጄ፣ አትፈር፣ እኛም ተሰርቀን እናውቃለን" አሉት።

ጎረቤቴ ግን እውነቱን ነው። መኪናው የተገጠመለት ጎማ ራን ፍላት የሚባለው ነው። ተራ ጎማ መኪናውን የሚሸከመው በንፋስ ነው። ንፋሱ ሲወጣ ጎኑ ይተኛል፣ ቸርኬው ላዩ ላይ ይቀመጥበታል፣ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ከሄድክበት ጎማውም ቸርኬውም አለቀላቸው። የራን ፍላት ጎን ግን በጠንካራ ላስቲክ ተደልድሎ የተሠራ ስለሆነ ንፋስ ባይኖረውም አይተኛም። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድልህ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ፍጥነትህም በሰዓት ከ80 እንዳይበልጥ ይባላል። እና አምራቾቹ አሰቡና ጎማው ቆሞ ካልቀረ ስኮርታ ለምን? አሉ። ስኮርታ ከሌለ ክሪክ ለምን? ክብደት ይቀንሳል፣ የሻንጣ ቦታ ይገኛል። ኮርቬት የሚባለው የአሜሪካ ስፖርት መኪና በፈረንጆቹ 1997 ያወጣው ሞዴል ስኮርታም ክሪክም ሳይኖረው ነው ከፋብሪካ የወጣው። ሌሎችም ተከተሉ።

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ጎማህ ይተነፍሳል፣ አትቆምም፣ ቀስ ብለህ ጎማ ቤት ትደርሳለህ፣ በማሽን ፈትተው ይቀይሩልሃል፣ ካርድህን ሰጥተህ ትሄዳለህ። በመሐል ማንንም አታነጋግርም።

80 ኪሎ ሜትር ሙሉ ማንንም ሳያነጋግሩ! ድሬ ውስጥ ይህ በሽታ ነው።

ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ለማን ነው የተለካው? ወደ ሐረር ከሆነ መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ትደርሳለህ፣ ደንገጎን በተነፈሰ ጎማ እየተጠማዘዝክ መውጣት ከቻልክ። ወደ ደወሌ ከሆነ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። 80ው ሲያልቅ የሚቀበልህ ግመል ነው። ግመል ክሪክ የለውም። (የአወዳይን ጫት ጭነው የሚበሩት ሾፌሮች ጎማ ተነፈሰ ብለው አይቆሙም፣ ራን ፍላትን የጀመርነው እኛ ነን ብሎ የሚከራከር ጓደኛ አለኝ። ጫት እየበረቀሰ ስለሆነ የሚያወራው አልመልስለትም።)

የዚህ ጎማ ትልቁ ችግር ግን መተንፈሱ የማይታወቅ መሆኑ ነው። ቆሞ ሲታይ ደህና ነው። መሪው ላይም ያን ያህል አይሰማህም። ስለዚህ ንፋሱን የሚለካ ነገር ይገጠምለታል፣ ሲወርድ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። ጎረቤቴ ሳቢያን ላይ መብራቱ ሲበራበት ዳር ይዞ ቆመ። የቆመ መኪና ያየ ሰው ሁሉ መጣ።

"ምን ሆነ?"

"ጎማ ተንፍሷል።"

ሰዉ አራቱንም ዞሮ አየ። አራቱም ቆመዋል።

"ማን ነው የነገረህ?"

"መኪናው።"

"እኛ ደግሞ አልተነፈሰም ነው የምንልህ።"

ተከራከሩ። አንዱ እግሩን አነሳና የፊቱን ጎማ በእርግጫ አለው። የዚህ አገር የንፋስ መለኪያ እርግጫ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም። ጎኑ ደረቅ ስለሆነ ጎማው ጧ! አለና እግሩን መለሰለት። "ድንጋይ ነው፣ ወላሂ! እንዲያውም ንፋስ በዝቶበታል፣ አስተንፍሰው" ብሎ ፈረደ። ሌሎቹም አንድ አንዴ መትተው ፍርዱን አጸኑ። ባዶ የነበረው ጎማ ደግሞ መጀመሪያ የተመታው ነው። ይህ የታወቀው በኋላ ጎሚስታው መለኪያውን ሲሰካ ነው። ጎሚስታውም ቶሎ አልተገኘም፣ ሰዓቱ ስምንት ሰዓት ነበር፣ በስምንት ሰዓት ድሬ ላይ የሚሠራ ፀሐይ ብቻ ነው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሐረር ለቅሶ ሄዶ አደረ። ቀን ድሬ ላይ፣ አስፋልቱ በጋለበት ሰዓት ንፋስ አስሞልቶ ነበር የወጣው። ጠዋት ጀጎል በር ላይ መኪናውን ሲያስነሳ መብራቱ በራ። ሚስማር ፍለጋ አራቱንም ጎማ በእጁ ዳሰሰ፣ ልብሱ ነጭ ነበር፣ ለቅሶ ቤት ሲመለስ ከሟቹ ቤተሰብ ይልቅ የተጎሳቆለው እሱ ነበር። አንዲት ቡና የሚያፈሉ እናት ጉዳዩን ከሰሙ በኋላ "የድሬ ንፋስ እዚህ አይበረክትም" አሉት። ሳቁባቸው። ሴትዮዋ ግን ትክክል ናቸው። የጎማ ንፋስ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ 2 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። ድሬ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 በላይ። በቀትር የነደደ ንፋስ ሐረር ላይ ብርድ አድሮበት ይኮማተራል፣ መኪናውም ታመምኩ ይላል። ከዚያ ደንገጎን ቁልቁል ሲወርድ ጎማው ይሞቅና መብራቱ ይጠፋል። ጎረቤቴ ይህን ሲያስረዳ የሰማ ሰው ሁሉ "ጸበል ውሰደው" ነው የሚለው።

ወደ ሳቢያኑ ጎማ ልመለስ፣ ክሪኩ ገና አልመጣምና።

ክሪክ ከአይሱዙ ተገኘ። ችግሩ የአይሱዙ ክሪክ ወርዶ ወርዶ ቁመቱ ከመኪናው ሆድ ይበልጣል። መኪናው መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ የሚነሳው ከአራት ቦታ ብቻ ነው፣ አራቱም ለዚሁ ተለይተው የተሠሩ ናቸው፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ወይ ከፍ ብለህ ክሪክ ብትሰካ ጎኑ ይጨማደዳል። ጎረቤቴ ይህን እየለመነ አስረዳ። ሰዉ እሺ እሺ አለና አምስት ጎረምሶች ጃኬታቸውን አውልቀው "ሂድ ዞር በል፣ በእጃችን እናነሳዋለን" አሉት። አነሱትም። መኪናው ከመሬት ከፍ ብሎ ቆየ፣ ባለቤቱ ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ከፍ ብሎ ይጮሃል። ያዙት በሚለው ቦታ ሳይሆን በሚያምረው ቦታ ነበር የያዙት።

በመጨረሻ አንዱ ብልሃተኛ ጎማውን ሳንቃ ላይ አስወጣው። ክሪኩ ገባ። ከክሪኩ ብረትና ከመኪናው መሐል ግን የሚጠብቅ ላስቲክ ያስፈልጋል። አሜሪካኖች ለዚህ የበረዶ ሆኪ መጫወቻዋን ጥቁር ክብ ላስቲክ ይጠቀማሉ፣ ልኳ ነው። እኛ በረዶን የምናውቀው ጁስ ውስጥ ነው። አንድ ተሸካሚ ይህን ሰምቶ ምንም ሳይናገር አንድ እግር በረባሶውን አወለቀና ሰጠ። ከጎማ የተሠራ ጫማ መኪና ተሸክሞ ቆመ፣ ሰውየውም መኪናው እስኪወርድ በአንድ እግሩ ጥላ ስር ተቀመጠ። ጎማ አምራቾቹ ይህን ቢያዩ ወይ ይቀጥሩት ነበር ወይ ያለቅሱ ነበር።

ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው ለማላቀቅ ሁለት ረዳትና ሦስት ብረት ፈጀ። የራን ፍላት ጠርዝ ግትር ነው። ከላቀቀ በኋላ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጠርጎ አነበበ። ጎማ ልደቱ ተጽፎበት ነው የሚዞረው፣ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ሳምንቱና ዓመቱ ናቸው። 3108 ይላል። በፈረንጆቹ 2008፣ 31ኛው ሳምንት። ጎሚስታው ረዳቱን ጠራና "እድሜህ ስንት ነው?" አለው። ረዳቱ ከጎማው ያንሳል። በርከት ያሉ አምራቾች ቢጠበቅም ቢጠበቅም ከ10 ዓመት በላይ ያደረ ጎማ አትንዱ ይላሉ፣ ይህኛው ደግሞ መጦሪያውን የድሬ ፀሐይ ስር አድርጓል።

"እንለጥፈው" አለ ጎሚስታው።

"ባዶውን የተነዳ ራን ፍላት አይለጠፍም" አለ ጎረቤቴ።

ይህ ቃል ጎማ ቤቱ ውስጥ የነበረውን ሁሉ አስቀየመ። ከመነዳሪ ላይ ከመነዳሪ እየለጠፉ ልጅ ያስተማሩ ሰዎች ናቸው። "አይለጠፍም ማለት ምን ማለት ነው?" ብሎ የጠየቀው ጎሚስታው ሳይሆን ለንፋስ የመጣ ብስክሌተኛ ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ ከጎረቤቴ ጋር ነኝ። ውስጡ በሙቀት ተፈጭቶ እንደሆነ ከውጭ አይታይም፣ አብዛኞቹ አምራቾችም ባዶውን የተነዳውን አትጠግኑ ነው የሚሉት።

አዲስ ራን ፍላት በድሬ ተፈለገ። ታይዋን ተራ ሳይቀር ተጠየቀ፣ እዚያ ጎማ እንደማይሸጥ እያወቁ፣ ታይዋን ያልተጠየቀ ነገር ጠፋ አይባልምና። የለም። አዲስ አበባም በልኩ አልተገኘም። በመጨረሻ አራቱም በተራ ጎማ ተቀየሩ። መኪናው አሁን ድንጋይ ላይ ሲሄድ የሚለሰልስ ሆነ፣ ጎረቤቴም ወገቡ ተሻለው። ጥሩ ነው።

ግን ተራ ጎማ ስኮርታ ይፈልጋል። ስኮርታ ክሪክ ይፈልጋል። መኪናው ደግሞ ለሁለቱም ቦታ ሳይኖረው ነው የተወለደው። ጣሪያው ሸራ ነው፣ አይጫንበትም። የኋላው ውስጥ ጎማው አግድምም ቁመትም አልገባ አለ። የቀረው ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ነው። ስኮርታው እዚያ ተቀመጠ። ክሪኩና ሳንቃው ከእግሩ ስር፣ አንድ እግር በረባሶ (ተገዝቶ ነው) ከላይ። ወንበሩ ከባድ ነገር ሲቀመጥበት ሰው ነው ብሎ ስለሚያስብ ቀበቶ እሰር እያለ ይጮሃል፣ ስለዚህ ስኮርታው ቀበቶ ታስሮለታል። ሚስቱ በባጃጅ ነው የምትሄደው። ባጃጁ ይቀድማቸዋል።

አሁን ደግሞ ሰርግ መጣ። የሰፈራችን ልጅ ሲያገባ ጣሪያው በሚታጠፈው መኪና ካልሆነ አለ። ሽማግሌ ተላከ። ጎረቤቴ አላስቸገረም፣ ሙሽራው ራሱ ይንዳ፣ ሙሽራዋ ትቀመጥ ብሎ ፈቀደ፣ ከቁልፉ በፊት ግን "ስኮርታው ከመኪናው አይለይም" አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሙሽራዋ በቬሎ ጎማ ታቅፋ ከዚራን ልትዞር ነው? እናቷ ሰምታ ተነስታ ወጣች። ተለመነች፣ ተመለሰች። ሦስት ምሽት ከተቀመጡ በኋላ ለስኮርታው፣ ለክሪኩና ለሳንቃው ባጃጅ ተከራይቶ በሪቫን ተጊጦ እንዲከተል ተስማምተዋል። እስካሁን ያልተስማሙት ባጃጁ ከሚዜዎቹ መኪና ይቅደም ወይስ ይከተል በሚለው ነው። ሚዜዎቹ ከስኮርታ ኋላ አንሄድም ብለዋል፣ ጎረቤቴ ደግሞ ጎማው ቢተነፍስ ከእናንተ ማን ነው የሚጠቅመኝ እያለ ነው።